መኪናዬ የወደቀች ሰሞን

መኪናዬ ወደቀች ስላችሁ ገደል ገባች ማለቴ አይደለም። ጎንደር ላይ ለምርመራ ቀርባ፣ መርማሪው ከጎማዋ እስከ መብራቷ አገላብጦ አይቶ «አታልፍም» ብሎ ስለጻፈባት ነው። ያን ጊዜ ታዲያ ወረታ ላይ የሁለቱን አወዳደቅ ልዩነት የሚያውቅ ሰው ብዙ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝ መከራ ግማሹ የመጣው ከዚህ ነው። ሌላው ግማሽ ከራሴ ነው።

መኪናዋ ጣሊያን ጥሏት የሄደ አሮጌ የጭነት መኪና ነበረች። ከእኔ በፊት ስንት ጌታ እንደቀያየረች የምታውቀው እሷና ፈጣሪ ብቻ ናቸው። ስገዛት የእኔ በሬዎች አልበቃ ብለው የጎደለውን አማቴ አያ ዘለቀ ከብት ሸጠው ሞሉልኝ። አያ ዘለቀ በፎገራ ሜዳ በከብት ዕውቀታቸው ስማቸው የታወቀ ገበሬ ናቸው። በሬ ሊገዙ ገበያ ሲወጡ የበሬውን ጥርስ አያዩም፤ ሻጩን ነው የሚያዩት ይባላል። እኔን ልጃቸውን ስጠይቅ እንዴት እንዳዩኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምናልባት ያን ቀን ዓይናቸውን አሟቸው ይሆናል።

መንዳቱን ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሬ ተምሬዋለሁ። ከኮፈኑ በታች ያለው ነገር ግን ለእኔ እንደ ቅኔ ነው፤ ዜማውን እሰማለሁ፣ ምሥጢሩ አይገባኝም። ፍሬኗ ደግሞ አመል ነበረው። አንድ ጊዜ ሲረግጡት አይሰማም፤ ሁለተኛ ሲረግጡት ያስባል፤ በሦስተኛው ይይዛል። እኔም አመሏን ለምጄ «በስመ አብ» ብዬ አንዴ፣ «ወወልድ» ብዬ ሁለቴ እረግጥና፣ «ወመንፈስ ቅዱስ» ስል ትቆማለች። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሙሉ የወረታን ሰውና የወረታን እህል አመላለስሁ። ሰዉ ሃይማኖቴን ሲያደንቅ ፍሬኗን መጠርጠር አልመጣለትም።

ጎንደር ላይ መርማሪው ካኪ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። መብራቱን አየ፤ አንዱ አይበራም። ክላክሱን ንፋ አለኝ፤ ነፋሁ፤ የታመመች ፍየል ድምፅ አወጣ። መሪውን ያዘና ግራ ቀኝ ነቀነቀው፤ ጎማው ግን ነገሩን እንዳልሰማ ሰው ዝም አለ። በመጨረሻ ከፊቴ ራቅ ብሎ መንገዱ መሀል ቆመና «እጄን ሳነሣ ቁም» አለኝ። መጣሁ፤ እጁን አነሣ። በስመ አብ አልሁ። ወወልድ ስል መርማሪው ከመንገዱ ዘለለ። ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ስቆም እሱ ከኋላዬ ቀርቶ፣ ባርኔጣውን ከመሬት ሲያነሣ በመስታወቱ አየሁት።

አልተቆጣም። ቢቆጣ በወደድሁ። ቁጭ ብሎ ጻፈ። ስለ አንዲት መኪና ይህን ያህል የሚጻፍ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ሰጥቶኝ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ መብራቱንና ክላክሱን አሠርቼ ካልተመለስሁ ታርጋዋን እንደሚፈታ፣ እስከዚያም ባዶዋን ወደ ጋራዥ ከመውሰድ በቀር ሰውም እህልም እንዳልጭን ነገረኝ። ተቀብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

እዚያው ጎንደር አንድ ከጣሊያን ዘንድ የሠራ የታወቀ መካኒክ ነበርና ወሰድኋት። ሰውየው ከሥሯ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ እንደ ሐኪም ራሱን እየነቀነቀ ሕመሟን ይዘረዝር ጀመር። ካምቢዮ አለ፣ ባሌስትራ አለ፣ ቴስታታ አለ። እኔ እያንዳንዱን ስሰማ «እሱንስ እኔም ጠርጥሬ ነበር» እላለሁ። ቴስታታ የሚባለው ከፊት ይሁን ከኋላ ግን አላውቅም። ዋጋውን በብር ነገረኝ። እኔ ፎገሬ ነኝና ወዲያው በልቤ ወደ በሬ መነዘርሁት፤ አምስት በሬና አንዲት ጊደር ሆነ። መኪናዋን ራሷን የገዛሁበት ዋጋም ከዚያ ብዙ አልራቀም። አስብበታለሁ ብዬው እዚያው አድሬ በማግሥቱ ባዶዋን ይዤ ወደ ወረታ ወረድሁ።

ለካ ወሬው ቀድሞኛል። አንድ የወረታ ነጋዴ ጎንደር ላይ መውደቋን ሰምቶ፣ በሌላ መኪና ተሳፍሮ ማታውኑ ገብቶ ኖሯል። እሱ ያለው «የእገሌ መኪና ጎንደር ላይ ወደቀች» ነው። ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲሄድ ጎንደር ተረስቶ ገደል ገባበት። ጧት ላይ እኔም ሞቼ አደርሁ።

ሰፈራችን ስደርስ ደጃፌ በሰው ተሞልቷል። ባለቤቴ ሙሉነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሀል ቆማለች። አንዲት አልቃሽ ስሜን እያነሣች «አንበሳው» ትላለች። በሕይወቴ አንበሳ የተባልሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልቅረብ ወይስ ትንሽ ቆሜ ላድምጥ እያልሁ ሳመነታ አንዱ አየኝና ለቅሶው ቀጥ አለ። ሙሉነሽ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ሞቼ አለመገኘቴ ሲገባት ደረቴን በጡጫ መታችኝ።

ሁሉም ከበበኝና ምን ሆና ነው የወደቀችው ይለኝ ጀመር። ዙሪያውን አየሁ። ግማሾቹ በየሳምንቱ የምጭናቸው ሰዎች ናቸው። አያ ዘለቀ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዩኛል፤ ከብታቸው መኪናዋ ውስጥ ነው ያለው። ፍሬን የለኝም፣ ሁለት ዓመት የጫንኋችሁ በጸሎት ነው ብዬ በየት አፌ ልናገር?

«ምንም አይደለም» አልሁ። «ክላክስና መብራት ነው።»

«ክላክስና መብራት?» አሉ አያ ዘለቀ።

«አዎ።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ውሸት እንደ ሰርዶ ነው፤ አንድ ቦታ ትተክሉታላችሁ፣ በሳምንቱ ማሳውን ሁሉ ይዞት ታገኙታላችሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥልህ አለኝ። ሙሉነሽ ለምን አትበላም ስትለኝ ክላክሱ አሳስቦኝ ነው እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ባሕር ዳር ወረድሁ። እዚያ ያለው መካኒክ ሸሚዙ ንጹሕ ነው። ይህ ሊያሳስበኝ ሲገባ ደስ አለኝ። የጎንደሩ ያገኘውን እንዳልነግረው ወሰንሁ፤ ጠንቋይ እንደሚፈተን በዝምታ ልፈትነው። ኮፈኑን ከፍቶ ለአፍታ አየና እሱም ሕመሟን ዘረዘረ። የሚገርመው ጎንደሬው ካገኘው አንዱንም አላገኘም፤ አዲስ ሕመም ነው ያገኘው። አንዱ ዋሽቷል እንዳልል ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ መኪናዋ ቤቴ መድረሷ ራሱ ተአምር ሊሆን ነው። ዋጋው ግን አንድ በሬ ብቻ ነበር። ፍሬኑስ ስለው፣ ቀስ ብለህ ከነዳህ ፍሬን ምን ያደርግልሃል አለኝ። ያን መልስ ምን ያህል እንደወደድሁት ልነግራችሁ አልችልም። መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስደጋግመው ወረታ ገባሁ።

ወረታ ላይ ደግሞ መሐመድኑር የሚባል፣ የወፍጮ ሞተር የሚጠግን ሰው ነበር። ለጓዳ ሐኪም ክብር የለምና ወደ እሱ የሄድሁት መጨረሻ ነው። መሐመድኑር ብዙ አልተናገረም። ጎማዋን ፈታ፣ ከውስጥ አንድ ያለቀ ነገር አውጥቶ በእጄ ላይ አኖረው። የፍሬኗ ሸራ ነው፤ ተበልቶ ተበልቶ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ከዚያ የመሪዋን መገጣጠሚያ አስነካኝ፤ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይወዛወዛል።

«ሁለቱን ነው የምሠራልህ» አለ። «የቀረው ይቆይ፤ የቀረው ሰው አይገድልም። ዕቃው ከአስመራ እስኪመጣ ሰው አትጫን።»

የሁለት በሬ ዋጋ ነገረኝ። አሁን እናንተ ብትሆኑ ይህን ሰው ታምኑታላችሁ። እኔ ጠረጠርሁት። ሁለቱ ያን ሁሉ ሕመም ሲያገኙ እሱ ሁለት ብቻ ማግኘቱ ምን ደብቆኝ ነው አልሁ። ደግሞ ያለቀውን ነገር እጄ ላይ ማኖሩ ምን ፈልጎ ነው? ለአላዋቂ ሰው እውነት ሲያሳዩት እንደ ማታለያ ይታየዋል። አስብበታለሁ ብዬው ሄድሁ።

አሰብሁም። ያሰብሁትን ስነግራችሁ አትፍረዱብኝ፤ ቀኑ እያለቀ ነበር። መርማሪውም ሰው ነው፤ ሰው የሚያየው በዓይኑ ነው፤ ስለዚህ የሚታየውን ባሳምረው የማይታየውን ይተውልኛል አልሁ። አዲስ ክላክስ ገዛሁ። መብራቱን አስተካከልሁ። ከዚያ አረንጓዴ ቀለም ገዝቼ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ቀባኋት። ሙሽራ መሰለች። በመሐመድኑር ደጃፍ ሳልፍ ክላክሱን ነፋሁለት። ቀና ብሎ አየኝና ተመልሶ ሥራውን ያዘ።

ጎንደር ልመለስ በተነሣሁበት ቀን ዋዜማ አያ ዘለቀ መጥተው እኔም እሄዳለሁ አሉ። ዘመድ እጠይቃለሁ ነው ያሉት። ከዚያ በፊት መኪናዬ ላይ የወጡት ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው። መንገዱ አቧራ ነው አልኋቸው። ትናንት ዘንቧል አሉኝ። ወንበሩ ወገብ ይጎዳል አልሁ፤ ሰባ ዓመት በቅሎ ላይ የተቀመጠ ወገብ ነው አሉ። ወረቀቱ ሰው እንዳልጭን ይከለክላል እንዳልል፣ ለምን ከለከለ ሊሉኝ ነው። በሩን ደግፌ አሥር ዓይነት ሰበብ ደረደርሁ። አንድ እውነት ቢበቃኝ ኖሮ አሥሩን ባላስቸገርሁ። እሳቸው እያንዳንዱን ታግሠው ሰሙና «እንግዲህ ጧት እንገናኝ» ብለው ሄዱ።

ጧት ሙሉነሽ የአባቷን ጉልበት ሦስት ጊዜ ሳመች። እኔን ደኅና ግባ እንኳ አላለችኝም። ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ስለ ራሴ እየፈራሁ የሰው ፊት የማነብበት ጊዜ አልነበረኝም።

ሜዳውን በሰላም አለፍነው። ሜዳ ላይ ፍሬን ማን ይፈልጋል? የርብን ድልድይ ስንሻገር አያ ዘለቀ ያማተቡትን ያህል እኔም አማተብሁ። አዲስ ዘመን ስንደርስ ቆምሁ። ከዚያ ወዲያ አቀበት ነው፤ አቀበት ያለበት ደግሞ ቁልቁለት አለው። አሁን ልንገራቸው ብዬ ቆረጥሁ። ዞር አልሁ፣ አፌን ከፈትሁ፣ እሳቸውም በሙሉ ፊታቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ውኃ ይጠጣሉ?» አልሁ።

አልጠማቸውም። ሄድን።

ከጣራ ገዳም ሥር ያለውን አቀበት እያቃሰትን ወጣን። ማዶ መውረድ ስንጀምር በስመ አብ አልሁ። ወወልድ አልሁ። ወመንፈስ ቅዱስ አልሁ። እግሬ ከወለሉ ጋር ተጋጠመ። አራተኛ ረገጥሁ፤ ለአራተኛው የምጠራው ስም አልነበረኝም። ማርሽ ልቀንስ ስል እንደሚፈጭ ድንጋይ ጮኸና አልገባ አለኝ።

«ፈጠንህ» አሉ አያ ዘለቀ።

«ቁልቁለት ነው» አልሁ።

ከታች ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከነአህዮቻቸው መንገዱን ሞልተውታል። ክላክሱን ነፋሁ። ከዚያ ሁሉ ወጪ የሠራልኝ እሱ ብቻ ነው። ሰዉ ወዲያና ወዲህ ተበተነ፤ አንዲት አህያ ብቻ መሀል ቆማ አየችን፤ እንዴት እንዳለፍኋት አላውቅም። መሪው እጄ ላይ ይዋዥቃል። መንገዱ ከፊታችን ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነው። ላቤ ዓይኔ ገባ። ሙሉነሽ ነጠላዋን ዳግመኛ ስታዘቅዝቅ ታየችኝ፤ አሁን ግን የምታለቅሰው ለሁለት ነው፤ አንደኛው አባቷ ናቸው።

አያ ዘለቀ ከዘራቸውን በመስኮቱ አውጥተው ወደ ቀኝ ጠቆሙ።

«እዚያ እርሻ ውስጥ አግባት። ጥቁር አፈር ነው፤ ጠጥቷል፤ ይይዛታል።»

ሳላስብ ጠመዘዝሁ። ከመንገዱ ዘለልን፣ አንድ የእሾህ አጥር ጥሰን ገባን፣ ጭቃው እስከ መስታወቱ ተረጨ፤ ከዚያ መኪናዋ እንደ ደከማት ላም ወገቧን ሰብራ ቆመች። ጎማዎቿ እስከ ግማሽ ጠልቀዋል። አንድ ገበሬ ጥማድ በሬዎቹን አቁሞ፣ እርፉን እንደያዘ ያየናል።

«መንገዱ በዚያ በኩል ነበር» አለን።

አያ ዘለቀ ወርደው አንድ ጉብታ ላይ ተቀመጡ። ከእግራቸው ጭቃውን በእንጨት ይፍቁ ጀመር። እኔ አጠገባቸው ቆምሁ፤ እሳቸው ቁጭ በል ሳይሉኝ አልተቀመጥሁም።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አሉኝ።

በዚያ ሁኔታ እንኳ ክላክስና መብራት ልል ምላሴ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ሦስቱን መካኒኮች፣ ቀለሙን። ስጨርስ ጭቃውን መፋቃቸውን ሳያቋርጡ ተናገሩ።

«ሙሉነሽ ወረቀቱን ኪስህ ውስጥ አግኝታ አመጣችልኝ። የደብራችን መሪጌታ አነበቡልን።»

«ያውቁ ነበር?»

«አሥር ቀን ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን ተሳፈሩ?»

«ሳልሳፈር ትነግረኛለህ ብዬ ነበር። ለሙሉነሽም ካልነገረኝ አዲስ ዘመን ላይ እወርዳለሁ ብያታለሁ። አዲስ ዘመን ላይ አፍህን ስትከፍት ሊነግረኝ ነው አልሁ፤ ውኃ ይጠጣሉ አልኸኝ። አሳዘንኸኝና ቀረሁ።» እንጨቱን ጣሉት። «ሰው ዋሽቶ ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ ልይ ብዬ ነው። ይህን ያህል ትሄዳለህ ግን አላልሁም።»

ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስሁ። ገበሬው ያለቀስሁት ለእርሻው መስሎት ግድ የለም፣ ገና አልዘራሁትም አለኝ።

መኪናዋን ስድስት ጥንድ በሬ ጎትቶ አወጣት። በበሬ ዋጋ የገዛኋት መኪና በሬ ሲጎትታት ማየት ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም። መንገድ ዳር አንድ ዋርካ ሥር አቆምናት። አያ ዘለቀ ከአዲስ ዘመን በቅሎ ተከራይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ እኔ ወደ ወረታ በእግሬ ሄጄ መሐመድኑር ደጃፍ ቆምሁ። የተናገርሁት ነገር ትዝ አይለኝም። እሱ ግን አንድ ቃል ሳይወቅሰኝ ዕቃውን ከመደርደሪያ አወረደ። ለካ ያን ቀን ከደጁ እንደሄድሁ ለአስመራ ልኮ አስመጥቶት ኖሯል። ተመልሰህ እንደምትመጣ አውቄ ነው አለኝ፤ በእግርህ መምጣትህን ግን አላወቅሁም አለ። ልከፍለው ለእርሻ ያስቀረኋቸውን ሁለት በሬዎች ሸጥሁ። ዋጋው መጀመሪያ ቀን ያለኝ ያው ነበር።

ዋርካው ሥር አራት ቀን ሠራ፤ እኔም አራቱን ቀን ጎማ ይዤ ቆምሁ። የመርማሪው ቀን ግን በመሀሉ አለፈ። ሥራው እንዳለቀ፣ ቀኑ ያለፈባትን መኪና መንዳት ፈርቼ ጎንደር ድረስ በሰው መኪና ሄጄ ፊቱ ቀረብሁና ሁሉንም ሳልቀንስ ነገርሁት፤ መናገሩ አንዴ ከጀመረ እንደ ተቅማጥ ነው፣ አይያዝም። ሰምቶ ሲያበቃ ስንት ሰው ጭነህ ነበር አለኝ። አማቴን አልሁት። አማትህ ይወዱሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ አዎ አልሁ። እሱ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑን አራዘመልኝ።

መኪናዋን ስመልሳት መርማሪው እጁን ያነሣው ከመንገዱ ዳር ቆሞ ነው። በስመ አብ ብዬ ሳልጨርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግንባሬ ከመስታወቱ ጋር ተሳሳመ። እስከ ዛሬ ጠባሳው አለ፤ እኔ ግን በደስታ ነው የማሳየው።

ክረምቱ አልፎ ፎገራ ላይ የተኛው ውኃ ሲጎድል የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች ጫንሁ። ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ የሚሄዱ፣ ጉልበታቸውን ወገባቸውን ያመማቸው ሰዎች ናቸው። አያ ዘለቀ ከእኔ ጎን ተቀምጠዋል፤ ጠርቼያቸው አይደለም፣ ራሳቸው መጥተው ነው። እኔ ከመነሣቴ በፊት መንገደኞቹ ፊት ቆምሁና ልናገር ጀመርሁ። ፍሬኑ አዲስ ነው አልሁ፤ መሪውም ተሠርቷል፤ ሁለተኛው ማርሽ ግን አልፎ አልፎ ይዘላል፤ የግራው መስኮት አይዘጋም፤ የኋላው ጎማ ደኅና ነው፣ አዲስ ግን አይደለም። የተጠየቅሁት ነገር የለም። ሦስት ሰዎች ከነስንቃቸው ወረዱ። ልክ የጎማውን ነገር ላብራራ ስል ገና ያልተሳፈሩ አንዲት ባልቴት በምርኩዛቸው አስቆሙኝ።

«መኪናዋስ ይሁን» አሉ። «አንተ ልጄ ደኅና ነህ?»

አያ ዘለቀ በማይዘጋው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «እሱን እኔ መርምሬዋለሁ፣ ይውጡ እመይቴ» አሏቸው።

ባልቴቷ እሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አማተቡና ወጡ። የተቀመጡት ግን ከሁሉ ኋላ፣ ለመዝለል በሚመች ቦታ ነው።